አራቱ ማደሪያ

ዶክተር ፍሥሐ ልጅ አልወለደም። ስለ ልጆቹ የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ግን በጣቱ ወደ እንጦጦ ያሳያል፤ ጦጣዎቹን ማለቱ ነው። ዕድሜውን የፈጀው እነሱን ሲያጠና ነው። አሁን ልቡ ደክሞ፣ ሐኪም ዳገት ከልክሎት፣ ኮተቤ ቤቱ ተቀምጧል። ምን ይደረግ!

በእሱ ፋንታ ዳገቱን የሚወጣው የጫካው ጥበቃ አዱኛ ነው። ጦጣዎቹ ከሚያድሩባቸው አራት ቦታዎች የወደቀ ፀጉር ለቅሞ፣ በየብልቃጡ ከትቶ ያመጣል። ለማባበያ የሚሰጠውን በቆሎ ግን አብዛኛውን ይመልሰዋል።

«ምነው፣ አይበሉም እንዴ?»

«ተርፏቸው ነው ጋሼ» ይላል አዱኛ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ፀጉሩ ለምርመራ ውጭ አገር ተላከ። ፍሥሐ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በሽታ የሚከላከለው ዘረመላቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ምን ያህል ይለያያል? ከተለያየ፣ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውን ይምረዋል። አንድ ዓይነት ከሆነ ግን አንድ ወረርሽኝ ሁሉንም ጠራርጎ ይሄዳል።

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ውጤቱ መጣ። የሁሉም ብልቃጥ አንድ ነው። ተመሳሰለ እንኳ አይባልም፤ ራሱ ነው።

የፍሥሐ ደም ፈላ። «አንተ ሰነፍ! አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለህ ነው የሞላኸው!»

«ኧረ በማርያም! ከአራቱም ማደሪያ ነው የለቀምኩት።»

«ታዲያ ጦጣዎቹ ናቸው የዋሹኝ? ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!»

አዱኛ እንባውን ጠርጎ ወጣ።

ፍሥሐ ሲገላበጥ አደረ። እሱ አይወጣ፣ የሚያምነው ሰው የለው፤ ልጆቹ ይትረፉ አይትረፉ ሳያውቅ መሞቱ ነው።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አዱኛ ነው፤ የፍሥሐን የንስሐ አባት አባ ወልደ ሐዋርያትንና ጎረቤቱን ጋሽ ተክለጻድቅን ይዞ መጥቷል።

«አይ አዱኛ፣ አማላጅ ሰብስበህ መጣህ!» አለ ፍሥሐ። መቼም ሽማግሌ አይናቅም፤ ንዴቱ በረድ አለለት። ሁለቱ ግራና ቀኙ ተቀመጡ። አዱኛ በሩ ላይ ቀረ።

«መድኃኒትህን ወስደሃል?» አሉት አባ።

«ወስጃለሁ አባቴ። አይድከሙ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ተመልሶ ይውጣና ከእያንዳንዱ ጦጣ ለይቶ ያምጣልኝ።»

አባ እጁን ያዙት።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። በአራቱም ማደሪያ በየተራ የምታድር አንዲት ጦጣ ብቻ ናት የቀረችው።»