አንድ ጆሮ ለትእዛዝ

«ሸፍኚው ብያለሁ!»

አሰልጣኙ ነው። ሴት ልጁ ግን አልሸፈነችም። ጠመንጃዋን ወደ ዒላማው አነጣጥራ፣ የጆሮ መከላከያዋን የግራ ጎን ወደ ላይ ገፍታ፣ ጆሮዋን ገልጣ ቆማለች። ከጎኗ የተሰለፉት ሠልጣኞችም እንደዚያው ናቸው፤ ቀኙ ተሸፍኗል፣ ግራው ተገልጧል። የዚህ ተኩስ ሜዳ ወግ ነው። «አንድ ጆሮ ለትእዛዝ» ይሉታል። ወጉን ያመጣው ራሱ አሰልጣኙ ነው፤ ገና ጎልማሳ ሳለ፣ ትእዛዜን ያልሰማ ሰው ለጓዶቹ አደጋ ነው ብሎ።

ያኔ ያላስተዋለው አንድ ነገር ነበር። በቀኝ እጁ ቃታ የሚስብ ሰው ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያስደግፍ ቀኝ ጆሮው በራሱ ጭንቅላት ይከለላል፤ ግራው ግን ወደ አፈሙዙ ዞሮ ፍንዳታውን ፊት ለፊት ይቀበላል። ከሁለቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ገልጦ ኖሯል። የግራ ጆሮው ከሞተ ቆየ፤ ቀኙም ተከተለው። ዛሬ የሚያሠለጥነው ከንፈር እያነበበ፣ ፊት እያየ ነው። ቢታወቅበት ነገ ከሜዳው ይነሣል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ከዚህ ሜዳና ከዚህች ልጅ በቀር የኔ የሚለው የለውም።

ጠዋት ልጁ ሻይዋን እያማሰለች «አባባ፣ ከትናንቱ ተኩስ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮኻል፤ እንቅልፍ ነሣኝ እኮ» ስትለው፣ ከከንፈሯ ላይ አነበበው። የእሱም የጀመረው እንዲሁ ነበር።

«ዛሬ ሁለቱንም ትሸፍኛለሽ» አላት።

«የአሰልጣኝ ልጅ ስለሆንኩ? መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

አሁን ሜዳው ላይም ጆሮዋ እንደተገለጠ ነው። ጣቷ ቃታው ላይ ሊያርፍ ሲል አየ።

«አቁሙ! መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ! ሁላችሁም ጆሯችሁን ሸፍኑ፣ ሁለቱንም!»

ሠልጣኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ተያዩ። ቀጭኔ የሚሉት ረጅሙ ሠልጣኝ ወደ እሱ ዞሮ ጥርሱን ገለጠ።

«አሰልጣኝ፣ ባለፈው ሁለቱንም ሸፍኜ ቢያገኙኝ ‹ጆሮህን ቤት ረስተኸው መጣህ?› ብለው ሜዳውን በሩጫ አላዞሩኝም እንዴ? ለልጅ ሲሆን ሕግ ይሻሻላል ማለት ነው!»

ሳቁን አልሰማውም። የሚርገፈገፉ ትከሻዎች አየ።

«ምክንያቱን ይንገሩንና እንሸፍን» አለች ልጁ። ሜዳ ላይ አንቱ ትለዋለች። «ትእዛዝዎን በምን ልንሰማ ነው?»

አፉን ከፈተ። «ጆሮዬ አይሰማም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ቃሉ እምቢ አለው። እንግዲህ ይህችን ልጅ በእጄ ላደነቁራት ነው ሲል አሰበ። እንባው እንዳይታይበት ፊቱን ወደ ሰልፉ ጫፍ አዞረ። ልጁ ከጀርባው ቀረች።

ወዲያው የቀጭኔ ሳቅ ፊቱ ላይ ሲከስም አየ። የሁሉም ዓይን ከእሱ ትከሻ አልፎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ተመልሶ እሱን አየ፤ እንደገና ሄደ። ይህን ፊት ያውቀዋል። ሰው ከኋላው ሲጠራው የሚታይ ፊት ነው። ስንቴ ከመጋለጥ አድኖታል! እንደ ሰማ ሰው «አቤት» እያለ ይዞር ነበር። ዛሬ ግን እግሩ መሬቱን አልለቅ አለ።

ቀጭኔ ዓይኑን ሰብሮ መሬት መሬቱን አየ።

አሰልጣኙ ሲዞር ልጁ በክንድ ርቀት ላይ ቆማለች። አፏ እንደተከፈተ ነው። የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ፊቷ ቀልቷል። ስትጮህ ነበር፤ እዚሁ፣ ከማጅራቱ ሥር። ዓይኖቿ ሞልተዋል።

ወደ ላይ የተገፋውን ጎን በጣቶቿ ያዘችና ቀስ አድርጋ ጆሮዋ ላይ አወረደችው። ቀጭኔም አወረደ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድም የተገለጠ ጆሮ አልቀረም።

«ምን ብለሽ ነው የጠራሽኝ?» አላት።

ልጁ ወደ ዒላማው ዞራለች፤ አልሰማችውም። ጠመንጃዋን ከጠረጴዛው አነሣች፣ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አሳረፈች፣ ጠበቀች።

ትእዛዝ የምትጠብቅበት ጆሮ አልነበራትም። እጁን ዘርግቶ ግራ ትከሻዋ ላይ አኖረና መታ አደረጋት።

ተኩሱን በመዳፉ ሰማው።