ሁለት ጣት አረንጓዴ

መጋዙ የሎሚውን ልጥ አንዴ እንደነከሰ የግቢው በር ተበረገደ።

«አጎቴ! ኧረ በፈጠረህ!» የግንበኛው የእህት ልጅ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ ክንዱ ላይ ተጠመጠመች።

ግንበኛው ዞር ብሎም አላያት። «መጣች የቅጠል ሐኪሟ» አለ። «በሽተኛሽ አልቆለታል። ይልቅ ዞር በይ፣ እንዳይወድቅብሽ።»

ወጣት ሳለ ድንጋይ ወድቆበት አመልካች ጣቱ ከመሃል ተቆርጧል፤ ሥራ ቦታ «ዘጠኝ ተኩል» ነው የሚሉት። በዚያ ጎደሎ እጁ መጋዝ ሲይዝ ግን ማንም አያስጥለውም።

«እማዬስ የት አለች?»

በአገጩ ወደ ቤቱ ጠቆማት። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ቤት ውስጥ ይንጣጣል። ግንበኛው ግን ከድምፁ አውቆታል፣ መርፌው ሥር ጨርቅ የለም። ጠዋት «ቁረጠው፤ ድምፁን ግን አታሰማኝ» ብላው ገብታ ባዶውን መኪና ትረግጣለች። ሎሚውን የተከለው ባሏ ነው። ከሞተ ወዲህ ከእጁ ሥራ ግቢው ውስጥ የቀረላት ይሄ ብቻ ነበር። እሱም ዓይኗ እያየ ከጫፍ ከጫፉ ቢጫ ሆነ። በየማለዳው ሥሩ ቆማ እንባዋን ስትጠርግ ማየት የወንድሟ አንጀት አልቻለም። አንዴ አልቅሳ ይውጣላት ብሎ ነው መጋዝ ያነሳው።

እውነት ለመናገር ትንሽ እልህም አለበት። ባለፈው ሳምንት ይቺው ልጅ ከምትሠራበት የእርሻ ምርምር ጣቢያ መጥታ፣ አንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ አንስታ፣ «ብረት አጥቶ ነው» አላለችም መሰላችሁ! ቀጥላ ደግሞ አጥሩን አየችው፣ አጎቷ ለእህቱ ሲል ኖራ ለስኖ ያሳመረውን አጥር።

«ባልዲህን የት ነበር የምታጥበው?»

«እዚሁ ሥሩ ነዋ! ውሃ አይደል እንዴ? ይጠጣ ብዬ።»

«አፈሩ ውስጥማ ብረት ሞልቷል አጎቴ። ኖራው ነው የቆለፈበት።»

ዕድሜውን ሙሉ ኖራ ሲያቦካ የኖረ ሰው፣ ደሙ ፈላ። «ገደልከው በይኛ!» ብሎ ለቅጠሉ መቀቢያ ብላ የብረት ጨው የበጠበጠችበትን ሳህን መነጨቃት። ሁለት ጣቱን ነከረና አጠገቡ ባገኘው ቢጫ ቅጠል ላይ ጠረገው። «ይኸው ቀባሁት! ዳነ!» የተረፈውን የግቢው ሲሚንቶ ላይ ደፋው። ሌላ አልያዘችም ነበርና ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዛሬ ሌላ ይዛ መጥታለች።

«የትኛውን ነበር የቀባኸው?»

«እኔ ምን አውቄ! ቅጠል ስጠብቅ አላድር።»

«እንፈልገው። ካጣነው ዛፉን ቁረጠው፣ ትንፍሽ አልልም።»

እሺ ያላት ለመገላገል ነው። መጋዙን ግንዱ ላይ እንደተሰካ ትቶ ቅርንጫፎቹን እየገለጠ ማየት ጀመረ። ለካ አይቶት አያውቅም! ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች እንደ ድሮው ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ለጋዎቹ ግን ገርጥተዋል፤ አረንጓዴ የቀረባቸው ጅማታቸው ላይ ብቻ ነው፣ እንደ ቀጭን ክር።

«ምነው ታዲያ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ አያካፍሉም?» አለ ሳያስበው።

«አይሆንላቸውም። አንዴ የያዙት ብረት እዚያው ይቀራል። ለጋዎቹ ከሥር መጠበቅ ነው ያላቸው፣ ሥሩ ደግሞ አላገኘም።» ልጅቷ አንዱን የገረጣ ቅጠል በመዳፏ ደገፍ አደረገችው። «ቅጠል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው፣ በዚህ በአረንጓዴው። አረንጓዴውን ለማውጣት ብረት ይፈልጋል፣ ብርሃኑን ምግብ ለማድረግም ብረት ይፈልጋል። ኢምንት ነው የሚበቃው። ያቺ ኢምንት ከሌለች ግን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ቢወርድበትም ይራባል።»

ግንበኛው ቀና አለ። ፀሐዩ ቅርንጫፎቹ ላይ ሞልቶ ፈሷል። ይሄን ሁሉ ብርሃን ተሸክሞ መራብ!

ያኔ ነው ያየው።

ቅጠሉ ቢጫ ነው። መሃሉ ላይ ግን ሁለት አረንጓዴ መስመር ወርዶበታል፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ጣት ያልነካው ቦታ ያው እንደገረጣ ነው፤ የነካው ለምልሟል።

«የፈጣሪ ያለህ!» አለ። «አስማት ነው እንዴ?»

«ብረት ነው አጎቴ።»

ብረት ቆርጧል፣ ብረት አጥፏል፣ ስንቱን ብረት ሲሚንቶ ውስጥ ቀብሯል። ቅጠል ሲመገበው ግን ዛሬ ገና አየ።

«እህቴ!» ብሎ ጮኸ። «ነይ እስቲ! ኧረ ነይ ውጪ!»

የስፌት መኪናው ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ብቅ ስትል መጀመሪያ ያየችው የተሰካውን መጋዝ ነው፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጇ እየደገፈች ቅጠሉ ጋ አደረሰቻት። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ እንደምታደርገው ዓይኗን አጥብባ ብዙ አየችው። ከዚያ ወንድሟ ከኋላው የደበቀውን እጅ ስባ አወጣችና ጣቶቹን ቅጠሉ ላይ አሳረፈቻቸው። ረጅሙ በረጅሙ፣ አጭሩ በአጭሩ ገጠመ።

«ኖራውን እኮ እኔው ነኝ ያፈሰስኩበት» አለ።

«ዝም በል ወንድምዬ» አለችው እያለቀሰች። «ይልቅ እንዴት እንደቀባኸው አሳየኝ።»

ልጅቷ ሳህኑ ላይ ጨውዋን በጠበጠች። «ይሄ ለጊዜው ነው» አለች። «ዘላቂው ግን ኖራ የጠጣው አፈር መነሳቱ ነው።»

«አፈሩን ለእኔ ተዪው። በጥርሴም ቢሆን እቆፍረዋለሁ።»

መጋዙን ከግንዱ ነቅሎ ወረወረው። እጅጌዎቹን ጠቀለለና ዘጠኝ ተኩል ጣቶቹን በሙሉ ሳህኑ ውስጥ ነከረ።