እጇን ሳታወጣ

የዳቦ ሊጥ እያቦካሁ ሳለ ልጄ ማህደር አጠገቤ ቆማ እጇን አወጣች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የማስተምራትም እኔው እናቷ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

"ዝም ብለሽ ጠይቂኝ እንጂ! እጅ ማውጣት ምንድን ነው?"

"መብራቱ ገና ቀይ ነው" አለችኝ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው የድምፅ መቅጃ ሳጥን እየጠቆመች።

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ይመዝገቡ፣ ትምህርታቸውም ይቀዳ የሚለው ረቂቅ አዋጅ ከመጽደቁ በፊት፣ በእኛ ሰፈር ይሞከር ተብሎ ነው የቀበሌ ሰዎች ይህን ሳጥን የሰቀሉልን። ልጅ የጠየቀውን፣ ወላጅ የመለሰውን ሁሉ ይሰማል። ለመቅዳት ሲዘጋጅ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ አረንጓዴ ሳይበራ መመለስ ያስቀጣል።

አረንጓዴው ሲበራ "አሁን ጠይቂኝ" አልኳት።

"ተይው እማዬ፣ ረሳሁት።"

በሊጥ እጄ ሳጥኑን ከግድግዳው ነቀልኩት፤ ባትሪ ስላለው መብራቱ አልጠፋም። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ጎረቤቶቼ ዘንድ ቤት ለቤት ዞርኩ።

በማግስቱ ቀበሌው በረቂቁ ላይ ሊያወያየን አዳራሽ ሲጠራን፣ ሃያ ሦስት ቤተሰብ ሃያ ሦስት ሳጥን ሰብሳቢው ፊት ጠረጴዛው ላይ ከመርን።

"ይሄ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው!" አሉ ሰብሳቢው አቶ ደምሰው።

"ለዚያ ነው የመለስንላችሁ" አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሺ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።"

ማህደር እጇን ሳታወጣ ብድግ አለች።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ልጆች ሲጠይቁዎት ማነው የሚሰማቸው?"

አቶ ደምሰው ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሃያ ሦስቱም ሳጥኖች ቀይ ያበራሉ።