የቅዳሜዋ ሐኪም

ጋሽ ሣህሉ ልጃቸው ሐኪም መሆኗን ያልነገሩት የየቡ ከተማ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። የሒሳብ መምህር ሆነው ከቡልጋ ከመጡ አርባ ዓመት፣ ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። የወለዱት ሁለት ቢሆንም «አንድ ልጅ አለችኝ» ነው የሚሉት። ታላቁ ጥላሁን ትምህርቱ አልሆን ብሎት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባጃጅ መንዳት ሲጀምር «ደጄን እንዳትረግጥ!» ብለውታል። ባለቤታቸው ያለምወርቅ ያኔ ሦስት ቀን አለቀሰች።

ሩሐማ ግን አላሳፈረቻቸውም። ጅማ ሕክምና ገባች። በ2009 ስትመረቅ መንገድ ተዘግቶ ነበርና ሳይሄዱ ቀሩ እንጂ፣ ካባ የለበሰችበት ፎቶ ይኸው ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ከመቀመጡ በፊት እሱን ማድነቅ ግዴታው ነው።

ከዓምና ጀምሮ ያለምወርቅን ልቧ ያስቸግራታል። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ እግሯ ያብጣል። በወር አንዴ ጸበል ብላ ጅማ ደርሳ ትመለሳለች። ጋሽ ሣህሉ ጸበሉን አይቃወሙም፤ እሳቸው ግን የተሻለ መላ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ስልካቸውን የስኳር ጣሳው ላይ ያስደግፉና በኢሞ ይደውላሉ። ሩሐማ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ነጭ ግድግዳ ተደግፋ ብቅ ትላለች።

«አባዬ፣ ደህና አደርክ? እንቅልፍስ? ግፊትህስ?»

«እኔን ተይኝና እናትሽን እያት!»

ታያታለች። እግሯን አሳየኝ፣ ዓይኗን አሳየኝ ትላለች። ያለምወርቅ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለች መሬት መሬት ታያለች። ከሩሐማ ወዲያ ፉርርት የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎም እንትፍ! ይሰማል።

«ምንድነው እሱ?»

«የጉሮሮ ሕመምተኞች ናቸው፣ አባዬ።»

«እግዜር ይማራቸው፣ ምስኪኖች።»

ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ጋሽ ሣህሉ ደስተኛ ሰው የቡ ውስጥ የለም።

ይህን ደስታ የሚያደፈርሰው የሩሐማ አብሮ አደግ፣ የጤና መኮንኑ ደረሳ ነው። ሕመሙ የጀመራት ሰሞን ቤታቸው መጥቶ ልቧን አዳመጠና ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ልብ በስልክ አይታይም። ሆስፒታል ሄዳ ሐኪም ፊት መቅረብ አለባት።»

«ሐኪም ፊትማ በየሳምንቱ ትቀርባለች!»

«ኤዬ፣ ጋሼ፣ ሩሐማ እኮ...» ደረሳ ያለምወርቅን አየና አፉን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሆስፒታል አንስቶ አያውቅም።

«ምቀኛ አታሳጣኝ ማለት ይኸው ነው» አሉ ከሄደ በኋላ። «እሱ እዚሁ ቀረ፣ የኔ ልጅ ዶክተር ሆነች። አንጀቱ ይረር!»

ኅዳር ላይ አንድ ሐሙስ የዕድር ስብሰባው ቶሎ አለቀ። ጋሽ ሣህሉ ቤታቸው ሲደርሱ ደረሳ በጓሮ በር ወጥቶ በቡናው መሐል ሹልክ ሲል አዩት። ደማቸው ፈላ። ገብተው ቤቱን ሲፈትሹ የያለምወርቅን ትራስ አነሡ። ሦስት ዓይነት ክኒን ተገኘ። አንዱንም ሩሐማ አላዘዘችውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ያለምወርቅ እጇን ወደ ክኒኑ ዘረጋች።

«የወለድሻትን ሐኪም ትተሽ የምቀኛ መርዝ ትውጫለሽ? አርባ ዓመት አብረን ኖረን፣ ከጀርባዬ?»

«ክኒኑን ተወው፣ ሣህሉ» አለች። «ስለ ማርያም ብለህ ተወው።»

አልተዉትም። ሰው ከሩቅ ጠላቱ ይጠነቀቃል፤ ትራስ ከሚጋራው ሰው ግን እንዴት ይጠነቀቃል? በማግሥቱ ጠዋት ክኒኑን በሙሉ ኪሳቸው ከትተው ሩሐማ የምትሠራበት ጅማ ሆስፒታል ሄዱ። ለልጃቸው አሳይተው፣ መርዝ መሆኑን በወረቀት አስጽፈው ደረሳን ፍርድ ቤት ሊገትሩት ነው።

ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ስሙን ሁለቴ ጠየቀቻቸው።

«ሩሐማ ሣህሉ የምትባል ሐኪም የለችንም፣ አባቴ።»

«ኧረ በደንብ ፈልጊ! የእኔ ልጅ ናት!»

ጩኸታቸውን ሰምቶ አንድ ወጣት ሐኪም ቆመ።

«ሩሐማ? የየቡዋ? አብረን ነበር የጀመርነው። እሷ እኮ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተወችው። አሁን ሄርማታ ሰፈር፣ አንድ ቡና ላኪ ዘንድ ነው የምትሠራው።»

እንደምንም ባጃጅ ይዘው ሄርማታ ደረሱ። የድርጅቱን ቤት ጠይቀው አገኙትና በመስኮት አዩ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ስኒ በተርታ ተደርድሯል። ነጭ ጋዋን የለበሱ ቡና ቀማሾች ዙሪያውን ቆመዋል። ሩሐማ ማንኪያዋን ነከረች፤ ፉርርት አድርጋ ሳበች፤ ባልዲው ውስጥ እንትፍ አለች።

ይኸው እንግዲህ የጉሮሮ ሕመምተኞቹ! የገዛ ልጃቸው በእናቷ ልብ ስትጫወት ከርማለች። ጋሽ ሣህሉ እንዲህ ተከድተው አያውቁም። እንባቸው በጉንጫቸው ዱብ ዱብ አለ። ከሁሉም የከበዳቸው ግን የያለምወርቅ ነገር ነው። ያቺ ምስኪን ይህን ብትሰማ ልቧ እዚያው ቀጥ ይላል። በየት በኩል ይንገሯት?

ስልካቸው ጮኸ። በኢሞ ነው፤ ቁጥሩን አያውቁትም። ሲያነሡት ያለምወርቅ አልጋ ላይ ሆና ታየቻቸው። ደረሳ እጇን ይዟል። ከኋላ ደግፏት የተቀመጠው ባለባጃጁ ጥላሁን ነው።

«ያለሜ... አንድ የምነግርሽ ነገር አለ...»

«ክኒኔን ይዘህ ቶሎ ና» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሆስፒታል የታዘዘልኝ ነው። በየወሩ የሚወስደኝ ጥላሁን ነው። ልጅቷንም እንዳትቆጣት፤ ሐኪም አለመሆኗን እኔ ካወቅሁ አምስት ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ... የቅዳሜው ምርመራስ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜማ ስናክም የኖርነው አንተን ነው።»