የጋዋኑ የመጨረሻ ቁልፍ

ፎቶ አንሺው ወንበር ሲያስተካክል እናትየው የሟች ልጃቸውን ነጭ የላብራቶሪ ጋዋን ከፌስታል አውጥተው ተመራቂዋን አለበሷት። ቤተሰቡ የሳይንስ መምህርት በነበረችው ልጅ ስም በየዓመቱ የሳይንስ መምህር መሆን የሚፈልግ አንድ ተማሪ ከፍሎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ የተመረቀም ፎቶ የሚነሳው ይህንኑ ጋዋን ለብሶ ነው።

«እጅጌው ልክሽ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ፣ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ እየቆለፉ። ተመራቂዋ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ እንቢ አላት። ቦርሳዋ ውስጥ የባንክ የቅጥር ደብዳቤ አለ፤ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። አስተምራለሁ ብላ ነበር ስኮላርሺፑን ያገኘችው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...»

እናትየው የመጨረሻው ቁልፍ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። በር ላይ የቆሙትን ባላቸውን በዓይናቸው ሰረቅ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ማስተማር አትወድም ነበር። ይቅርብኝ እያለች እኛ ነን ገፍተን ያስገባናት። ጠዋት ጠዋት ይቺን ስትለብስ ፊቷ ይጠቁር ነበር፤ እያየሁ ዝም አልኩ። አንቺስ? ወደሽው ነው አይደል?»

ተመራቂዋ ቦርሳዋን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረገች። «በጣም እንጂ፣ እማማ።»

እናትየው እፎይ አሉና ቁልፉን ቆለፉላት። አንገቷ ላይ ጠበባት።