የባቄላው ፔዳል

ሐኪሙ ሲለካው የአውቶቡስ ሾፌሩ የደም ግፊት ጣሪያ ነክቶ ተገኘ። «ኪኒንህን በአግባቡ ውሰድ፣ ጨው ቀንስ፣ አመጋገብህን አስተካክል። እስከሚቀጥለው ምርመራ ካልወረደ መንጃ ፈቃድህ አይታደስም» ተባለ። ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለም።

ሚስቱ ታናሽ እህቷን ጠራች። እህቷ የምግብ ላቦራቶሪ ተመራማሪ ናት፤ ባቄላ ስታጠና ትውላለች።

«ጋሼ፣ የባቄላ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲሰባበር ፔፕታይድ የሚባሉ ቁርጥራጮች ይወጣሉ። አንዳንዶቹ የደም ሥር የሚያጠብበውን ነገር ፍሬን ሊይዙበት ይችላሉ።»

«ፔዳል አለው በይኛ!»

«ፔፕታይድ! ደግሞ ይችላሉ ነው ያልኩት፤ ገና እየተጠና ነው። ኪኒንህን እንዳትተው።»

ከማግስቱ ጀምሮ ምሳ ዕቃው በተቀቀለ ባቄላ ተሞላ። ሾፌሩ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ባቄላ ሲያይ ፊቱ የሚጠቁር ሰው ነው።

መዳኛው ጋራዥ ውስጥ ተገኘ። መካኒኩ እንቁላል መጥበስ እንኳ የማይችል ወንደላጤ ነው። አንድ ቀን ግን ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት፣ ድቡልቡል የሥጋ ጥብስ ብቅ አለ።

«እንቀያየር?» አለ ሾፌሩ ምራቁን እየዋጠ።

መካኒኩ ለወጉ እንኳ አልተግደረደረም። «ባቄላ ነፍሴ ነው!»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ተቀያየሩ።

«ለመሆኑ ማን ናት የምትሠራልህ?»

«አንዲት ደግ ሴት» አለና መካኒኩ እየሳቀ አውቶቡሱ ሥር ገባ።

ሾፌሩ አብራው የምትሠራውን ቲኬት ቆራጭ ጠረጠረ። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ፣ «እጅሽ ይባረክ» አላት።

«ቲኬት ስለቆረጥኩ?» አለች ግራ ገብቷት።

አፍራ ነው፣ አለ በልቡ።

ቤት ሲገባ ግን ጸጸቱ ይጠብቀዋል። ሚስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ሙቀጫ ስትደበድብ ይሰማታል፤ ማታ ቀኝ ክንዷን ቅባት እያሸች ታቃስታለች።

«ባቄላው እንዴት ነበር?»

«ጣት ያስቆረጥማል» ይላል አንገቱን ደፍቶ። ነገ የራሴን እበላለሁ ብሎ ይምላል። ነገ ሲመጣ ምላሱ ያሸንፈዋል።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ሐኪሙ ለካው፣ ደግሞ ለካውና፣ «ወርዷል! ኪኒኑም አመጋገቡም ሳያግዝህ አልቀረም፤ በዚሁ ቀጥል» አለው። ሾፌሩ ከደስታው ብዛት እጁን ሊስመው ምንም አልቀረው።

መንጃ ፈቃዱን አሳድሶ ቤቱ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሚስቱ እልል ስትል ከዚህ በላይ ሊዋሻት አልቻለም።

«ይቅር በይኝ የኔ እመቤት። ይህን ሁሉ ጊዜ ከመካኒኩ ጋር እየተቀያየርኩ ሥጋ ነው የበላሁት። አንዲት ፍሬ ባቄላ አልቀመስኩም።»

«እንግዲያው ለመካኒኩ በቃ በልልኝ» አለች ክንዷን እያሸች፤ «በየማለዳው ባቄላ እየወቀጥኩ ሥጋ ማስመሰሉ ክንዴን ጨረሰው።»