የወንድሟ ዜሮ

ልብስ ሰፊዋ ኮሌጅ የገባችው ሰው ለመበቀል ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመቷ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ልታጠና ስትመዘገብ ጎረቤቶቿ «በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት?» ተባባሉ። ቂሟን ለጎረቤት የምታካፍል ሴት አልነበረችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ ከሁለቱ ልጆች መማር የሚችለው አንዱ ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ አንተ ተማር» አለችና የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች። ታላቅ ወንድሟ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ገባ። አራተኛ ዓመት ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ባስረከበ በሳምንቱ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ቤት መጣ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«በቃኝ።»

ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ነጂ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ኮሌጁም ሆነ ስለ መምህሮቹ ክፉ ደግ አልተናገረም። ባነሳችበት ቁጥር «ሆድ ይፍጀው፣ ተይው» ይላታል። አንድ ቀን ከሥራ ተመልሶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች።

ከቀብሩ በኋላ ልብሱን ስታጣጥፍ ጽሑፉን ሻንጣው ውስጥ አገኘችው። ሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ዜሮ ተጽፏል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ይህ ያንተ አይደለም» ይላል፤ የመምህሩ ፊርማም አለበት። ይህን ለመረዳት የሚበቃ እንግሊዝኛ ነበራት።

መምህሩን ተማሪዎች «ቀዩ ብዕር» ይሉታል። ጠየቀች፣ አጠያየቀች። የሰው ሥራ ገልብጧል የተባለ ተማሪ ኮሚቴ ፊት ይቆማል፤ ማስረጃም ይቀርብበታል። በወንድሟ ላይ ግን ክስ አልቀረበም፤ መዝገብ ቤትም አንድ ወረቀት የለም። ቀዩ ብዕር ዜሮውን ሰጥቶ ነገሩን እዚያው ዘግቶታል።

«የድሃ ልጅ እንዲህ አድርጎ አይጽፍም ብሎ ነው» አለች ለራሷ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጠዋት ተማረች፣ ከሰዓት በኋላ ሰፋች። የከበዳትን ቃል በጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ትጽፋለች። አንዲት ደንበኛ የኮቷ ገበር ላይ ትርጉሙ «ምፀት» የሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፎ አግኝታ፣ «ይሄ የማን ስም ነው?» እያለች መልሳ አመጣችላት። የክፍል ጓደኞቿ «እትዬ» እያሉ ሰንፈው ያላነበቡትን ሁሉ አንብባ እንድትነግራቸው ይጠይቋት ጀመር።

የወንድሟን ጽሑፍ በመጀመሪያው ዓመት ግማሹን ተረዳች። በሦስተኛው እንደ ውኃ ጠጣችው። በእንግሊዝኛ ግጥሞች ውስጥ ስላለው ባሕር የሚያወራ ነው። አንድም የሚጎረብጥ ዓረፍተ ነገር አልነበረውም። ባነበበችው ቁጥር ጥርሷን ነከሰች።

ቀዩ ብዕር የአባቷን ስም ከዝርዝሩ ያነበበ ዕለት ቀና ብሎ አያትና ቀጣዩን ስም መጥራት ረሳ። ከዚያ ወዲህ ሥራዋን መስመር በመስመር ያርምላታል፤ የሚገባትን ማርክ አይነፍጋትም። «አፌን በማርክ ሊዘጋ ነው» አለች በልቧ።

አራተኛ ዓመት ላይ እሷም ስለ ባሕሩ ልጽፍ ነው ስትለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህን ርዕስ ተዪው» አላት።

«ለምን?»

«ሌላ ፈልጊ። ያንቺ የሆነ ነገር።»

ወረቀቷን ሲመልስላት ብዕሩን ጣለ። ይህን በማየቷ ደስ አላት።

ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን አዳራሹ ሞላ። ዲኑ ከፊት ተቀምጧል፤ ከሌላ ኮሌጅ የመጡ ፈታኝም አሉ። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ተወችና ከቦርሳዋ የወንድሟን አወጣች። አምስት ገጽ አነበበች።

«ይህ ጽሑፍ ምን ይገባዋል?» ብላ ፈታኙን ጠየቀቻቸው።

«ያለ ጥርጥር ኤ» አሉ።

ሽፋኑን አዙራ ለሁሉም አሳየች። «ያገኘው ይህንን ነው። ወንድሜ ነው የጻፈው። እኚህ መምህር ያንተ አይደለም አሉት፤ አሥራ አንድ ዓመት አንገቱን ደፍቶ ኖሮ ሞተ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዲኑ ወደ ቀዩ ብዕር ዞረ።

«ማስረጃ ነበረዎት?»

ቀዩ ብዕር መነጽሩን አወለቀ። ልብስ ሰፊዋን ብቻ ነበር የሚያየው። «ወንድምሽ ምን ብሎሽ ነበር?» አላት።

«ምንም። ምን ሊለኝ ይችላል? አፉን ዘግተውበት።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ዲኑ ዞረ። «ማስረጃ የለኝም» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

በወሩ ሥራውን ለቀቀ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ሲሰናበት እስከ በር የሸኘው የለም። የተማሪዎቹ ወላጆች በመንገድ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞሩበት ጀመር። እሷም አንዴ አግኝታዋለች፤ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ሲነሳት አላየሁም ብላ አለፈች።

በማዕረግ ተመረቀች፤ ረዳት መምህርት ሆና እዚያው ተቀጠረች። የሰጧት ቢሮ የሱ ነበር። የክፍሉ ጸሐፊ ቁልፉን ስታስረክባት፣ «የግል ዕቃቸውን ሳይወስዱ ነው የሄዱት፤ የማይጠቅመውን ጣይው» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘግታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ጥቂት ቆይታ መሳቢያዎቹን እያወጣች ታራግፍ ጀመር፤ ያረጁ ብዕሮች፣ የፈተና ወረቀት፣ የደረቀ ቀለም። በታችኛው መሳቢያ ጀርባው የተላጠ ባዕድ አገር የታተመ መጽሐፍ ነበር። ወደ ቆሻሻው ልትወረውረው ስታነሳው ከመሃሉ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የእጅ ጽሑፉን ገና ሳትዘረጋው አወቀችው።

«መምህር፣ ከዚህ መጽሐፍ ቃል በቃል መገልበጤን አልክድም፤ በኔ የፈለጉትን ይፍረዱ፤ በኔ ምክንያት ትምህርቷን የተወችው እህቴ ግን ይህን እንዳትሰማ፣ ብሞትም እንኳ እንዳይነግሯት፣ አደራ።»